የከዋክብት መመልከቻ ቤት በግቢ ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሌስኮፕ የገዛ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ይህን ዕቃ በየምሽቱ ከማውጣትና ከማስገባት፣ ግቢዬ ውስጥ ቋሚ ቦታ ብሠራለትስ? ስለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። መልሶቹ ውስጥ የራሴ አቋም አለበት፤ አልደበቅኩትም።

ቴሌስኮፑን አውጥቼ መጠቀም እየቻልኩ ቤት ለምን ያስፈልገዋል?

ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት ደክሟችሁ ቤት ገባችሁ እንበል። ቴሌስኮፑን ማውጣት አለ። መቆሚያውን በውሃ ልክ ማስተካከል፣ ገመዶቹን መሰካት፣ ማውንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን ክፍል፣ ወደ ሰማይ ዋልታ (ሰማዩ ሲዞር ወደሚታይበት ነጥብ) ማነጣጠር አለ። ከዚያ ደግሞ የቴሌስኮፑ መስታወት ከውጭው አየር ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው መስታወት ይህ ብቻውን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሲያበቃ ሁሉንም መልሶ መሸከም ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው "ዛሬ ይቅርብኝ" ብሎ ይተኛል።

መመልከቻ ቤት ሲኖር ጣሪያውን ትከፍታላችሁ፣ ማብሪያውን ትጫናላችሁ፣ ሥራ ትጀምራላችሁ። ደመናው ለግማሽ ሰዓት ብቻ የተገለጠበት ምሽት እንኳ አያመልጣችሁም። ግድግዳው ንፋስ ይከላከላል፤ የጎረቤት መብራትም ይጋርዳል። ወንበሩ፣ ካርታው፣ ሌንሶቹ በየቦታቸው ይጠብቋችኋል። ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የምታዩባቸው ምሽቶች ቁጥር መጨመሩ ነው። ዓይን የሚሠለጥነው በማየት ብዛት ነው። ጁፒተር ላይ ሁለት ጭረት ብቻ ያይ የነበረ ሰው፣ ከወራት በኋላ በዚያው ቴሌስኮፕ የደመናዎቹን ጠርዝ መለየት ይጀምራል።

በግቢ ውስጥ ቴሌስኮፕ ቁም ነገር ይሠራል? ወይስ መዝናኛ ብቻ ነው?

ለመዝናናት ብቻ ቢሆንም ይበቃ ነበር። ግን ቁም ነገርም ይሠራል።

ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1781 ፕላኔቷን ዩራነስን ያገኘው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ካለው ቤቱ ጓሮ ሆኖ ነው። በወቅቱ ኑሮው ሙዚቃ ነበር። ቴሌስኮፑን የሠራው ራሱ ሲሆን የመስታወቱ ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ግሮት ሬበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ዊተን በምትባል ከተማ፣ ጓሮው ላይ 9.5 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተከለ። ሰማይን በሬዲዮ ሞገድ ካርታ ላይ ማስፈር የጀመረው ከዚያ ጓሮ ነው።

"ያ ድሮ ነው" ለሚል የቅርቡም አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2009 አንቶኒ ዌስሊ አውስትራሊያ ካለው የግል መመልከቻው ጁፒተር ላይ አዲስ ጥቁር ጠባሳ አየ። አንድ የሰማይ አካል ፕላኔቱን መትቶት ነበር። መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፤ ግዙፎቹ ቴሌስኮፖች የዞሩት ከሱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2016 ቪክቶር ቡሶ የተባለ አርጀንቲናዊ፣ ሮዛሪዮ ከተማ ቤቱ ጣሪያ ላይ ባለው መመልከቻ አዲስ ካሜራ ሲሞክር አንድ ኮከብ መፈንዳት የጀመረበትን ቅጽበት በፎቶ ያዘ። ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የሚፈነዳ ኮከብ፣ በዚያ ደረጃ ላይ እያለ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። ጌናዲ ቦሪሶቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2019 ራሱ በሠራው 65 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ፣ ከሌላ የኮከብ ሥርዓት መጥቶ በኛ ሠፈር የሚያልፍ ጅራታም ኮከብ አገኘ። ዛሬ ስሙን ይዞ ይጠራል።

ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትልልቅ ተቋማት ቴሌስኮፕ በወረፋ ነው የሚሠራው። አንድ ኮከብ ላይ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ማፍጠጥ አይችልም። እናንተ ትችላላችሁ። ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ተለዋዋጭ ከዋክብትን መከታተል ለዚህ ሁነኛው ምሳሌ ነው። የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ከ1911 ጀምሮ የአማተሮችን መረጃ ይሰበስባል፤ ከየትኛውም አገር የተላከ መረጃ ይቀበላል፤ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል።

ጀማሪ ነኝ። አሁኑኑ ልሥራ?

አሁኑኑ አትሥሩ። ቢያንስ አንድ ዓመት በትራይፖድ (በባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ተመልከቱ። ዓመት የምለው ሰማዩ ራሱ ስለሚለዋወጥ ነው። በአንድ ወቅት ከዛፉ በላይ የነበረው የኮከብ ስብስብ በሌላው ወቅት ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ ይደበቃል። በዚያ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ይገባችኋል። አንዱ የግቢያችሁ ሰማይ ነው። ሌላው የራሳችሁ ዝንባሌ ነው፦ ፕላኔት ነው የሚስባችሁ? ጋላክሲ? ፎቶ ማንሳት? ቤቱ የሚሠራው ለዚያ ዝንባሌ ነው። ሳታውቁት ከሠራችሁ ኋላ ማፍረስ ሊመጣ ነው።

ከተማ ውስጥ ነኝ፤ ሰማዩ በመብራት ጨቅይቷል። ዋጋ አለው?

አለው፤ የምታዩትን መምረጥ ግን ግድ ነው። የሰማይ ጨለማ ብዙ ጊዜ የሚለካው ጆን ቦርትል እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ደረጃ ነው። 1 ፍጹም ጨለማ ሲሆን 9 የትልቅ ከተማ መሐል ነው። ደረጃ 8 ወይም 9 ላይ ብትሆኑም ጨረቃ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ማርስና ጥንድ ከዋክብት እምብዛም አይጎዱም፤ በራሳቸው ደማቅ ናቸው። የሚጠፉባችሁ ደብዛዛዎቹ ጋላክሲዎችና ኔቡላዎች (በሰማይ ላይ ያሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች) ናቸው። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ጠባብ ማጣሪያ ብዙ ይታደጋል። የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን በ656 ናኖ ሜትር፣ የኦክስጅንን አረንጓዴ በ501 ናኖ ሜትር አካባቢ ብቻ እያሳለፈ የመንገዱን መብራት አብዛኛውን ይቆርጠዋል። ግን ይህ ለኔቡላ እንጂ ለጋላክሲ አይሠራም። ጋላክሲ በሁሉም ቀለም ስለሚያበራ ማጣሪያው የሱንም ብርሃን ይወስድባችኋል።

ግቢው ውስጥ የት ላይ ይሁን?

ቀን ሳይሆን ማታ ወጥታችሁ ምረጡ። ወንበር ይዛችሁ እጩ ቦታዎቹ ላይ በየተራ ተቀመጡ፤ ከዚያ ዙሪያውን ተመልከቱ። የትኛው መብራት ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል? የትኛው ዛፍ ምን ያህል ሰማይ ይወስዳል?

አድማሱ እስከ መሬት ድረስ ክፍት ባይሆን አትዘኑ። ከአድማስ 20 ዲግሪ በታች ያለ ነገር በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚታይ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል። ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለ ኮከብ እንኳ ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር አናታችሁ ላይ ካለው ኮከብ በእጥፍ ይበልጣል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የደቡቡን ሰማይ ክፍት ቢያደርግ ይጠቀማል፤ በስተ ደቡብ ያለው ደግሞ ሰሜኑን። ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ለሆነ ሰው ፕላኔቶቹ ከአናት ብዙ ስለማይርቁ ምሥራቅና ምዕራቡ ይበልጥ ያሳስባሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሙቀትን ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አስፋልትና የሲሚንቶ ግቢ ከመሸ በኋላ ለሰዓታት ሙቀት ይተፋል። በዚያ ላይ የሚወጣው አየር ምስሉን ያርገበግበዋል። ስለዚህ አዘውትራችሁ በምታዩበት አቅጣጫ የመኖሪያ ቤታችሁ ጣሪያ ባይኖር ይመረጣል። ዙሪያው ሣር ከሆነ እሰየው። ውሃ የሚተኛበትን ዝቅተኛ ቦታ ግን ተዉት፤ እርጥበቱ አያስቀምጣችሁም።

ተንሸራታች ጣሪያ ይሻላል ወይስ ክብ ጉልላት?

ለመጀመሪያ ቤት ተንሸራታች ጣሪያ እላለሁ። ተራ አናጺና ብየዳ የሚችል ሰው ይሠራዋል። ሲከፈት ሰማዩ በሙሉ ይገለጣል፤ ቤተሰብ አብሮ ማየት ይችላል፤ ቴሌስኮፑም ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ጉልላት የራሱ ጥቅም አለው። በጠባቧ ክፍተት ብቻ ስለሚታይ ንፋስና የመንገድ መብራት በደንብ ይከላከላል። ንፋስ የሚበዛበት ቦታ የምትኖሩና ካሜራውን ለረጅም ጊዜ ከፍታችሁ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ አስቡበት። ግን ክቡን ቅርጽ ዝናብ እንዳያስገባ አድርጎ መሥራት ከባድ ነው። ክፍተቱም ቴሌስኮፑ በዞረ ቁጥር አብሮ መዞር አለበት።

ሦስተኛም መንገድ አለ፦ ትንሽ የጣውላ ሳጥን ቤት ሠርቶ ሙሉ በሙሉ በሐዲድ ላይ ከቴሌስኮፑ ማራቅ። ግድግዳ ስለማይቀር ንፋሱን አይከላከልም። ግን ርካሽ ነው፤ ቦታም አይፈጅም።

ስፋቱና ቁመቱ ስንት ይሁን?

ለአንድ መካከለኛ ቴሌስኮፕና ለሁለት ሰው 3 ሜትር በ3 ሜትር ምቹ ነው። 2.5 በ2.5 ይቻላል፤ ግን በጨለማ ከቴሌስኮፑ ጋር ትጋጫላችሁ። ኮምፒውተርና ጠረጴዛ ከኖረ አንዱን ጎን ወደ 4 ሜትር አስረዝሙት።

የግድግዳውን ቁመት በግምት አታድርጉት። በ3 በ3 ክፍል መሐል ላይ ያለ፣ ቴሌስኮፑን የሚሸከም ምሰሶ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ይርቃል። ቴሌስኮፑ የሚዞርበት ነጥብ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግድግዳው ከዚያ ነጥብ በላይ 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊወጣ ይችላል። ከዚህ ላይ የቴሌስኮፑን ቱቦ ውፍረት ግማሽ ቀንሱ። 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቱቦ 1.95 ሜትር ገደማ ግድግዳ ይሆናል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሥዕሉን ሠርታችሁ በራሳችሁ ልክ አስሉት። እዚያው ላይ ጣሪያው ሲዘጋ ቴሌስኮፑ ተኝቶ ከጣሪያው ብረት በታች መግባቱን አረጋግጡ። ይህ ሲረሳ መዘዙ ብዙ ነው።

ምሰሶው እንዴት ይሠራ?

ገንዘቡም ጊዜውም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ ቢንጋደድ ይቃናል። ጣሪያ ቢያፈስ ይደፈናል። ምሰሶ ከተበላሸ ግን ማፍረስ ነው።

ቁጥሩን እንይ። ጁፒተር ለምድር በሚቀርብበት ጊዜ ሰማይ ላይ የሚታየው ስፋቱ ከ45 እስከ 50 አርክ ሰከንድ ነው። አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ አንዱ ጫፉ በ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ብቻ ቢንቀሳቀስ አቅጣጫው በአንድ አርክ ሰከንድ ይዛነፋል። 5 ማይክሮን ከፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። እንግዲህ ወለሉ ላይ ስትራመዱ ምን እንደሚፈጠር አስቡት።

ስለዚህ ምሰሶው ወለሉንም ግድግዳውንም በፍጹም መንካት የለበትም። የራሱ መሠረት ይኑረው፤ ወለሉ ላይም ዙሪያውን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት። ወለሉ ሲሞላ ምሰሶውን በስፖንጅ ወይም በፎም መጠቅለልና ኋላ ማውጣት ነው። ክፍተቱን ከላይ በለስላሳ ጎማ ብትሸፍኑት ብሎን ወድቆ አይገባም።

ለመሠረቱ 80 ሴንቲ ሜትር በሁሉም ጎን የሆነ ጉድጓድ ጥሩ መነሻ ነው። ኮንክሪቱ ብቻውን ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ክረምት ላይ መሬቱ በረዶ በሚሆንበት አገር ጉድጓዱ ከሚቀዘቅዘው አፈር በታች መውረድ አለበት። አፈሩ ዋልካ ከሆነ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፍሩ። ካለዚያ ምሰሶው በየወቅቱ ይንቀሳቀሳል፤ እናንተም በየወቅቱ ማስተካከል ነው ሥራችሁ።

ውፍረት ላይ አትሰስቱ። ክብ ዓምድ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ ያለው መቋቋም 16 እጥፍ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር የነበረውን 30 ማድረግ ማለት ይህ ነው። ለዚያ የሚጨመረው ሲሚንቶ ከጥቅሙ ጋር ሲታይ ምንም ማለት አይደለም። ቁመቱን ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ አታስረዝሙ። አራት ፌሮ አቁማችሁ በስታፋ እሰሩ፤ ከመሠረቱ ጋር አንድ ይሁን። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር የሆነ ውህድ ይበቃል፤ ውሃውን ግን አታብዙበት። ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ አጠጡት። ሙሉ ጥንካሬውን የሚይዘው በ28 ቀን ገደማ ነው፤ እስከዚያ ከባድ ዕቃ ላዩ ላይ ለማሰር አትቸኩሉ።

ማውንቱን የሚይዙት ብሎኖች ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ይተከሉ። ቀዳዳዎቹን ጣውላ ላይ በልካቸው ብሱና ብሎኖቹን በዚያ ያዙ። ካለዚያ አንዱ ብሎን ትንሽ ሲንሻፈፍ ማውንቱ የሚቀመጥበት የብረት ሳህን አልገባም ይላል። ብሎኖቹ ከኮንክሪቱ ብዙ ረዝመው አይውጡ። ያን ሁሉ ኮንክሪት ሞልታችሁ ቴሌስኮፑን በቀጫጭን ብረት ላይ ካንጠለጠላችሁት ልፋቱ ከንቱ ነው። በዳዶና በሮንዴላ አጥብቃችሁ ሳህኑን በተቻለ መጠን ወደ ኮንክሪቱ አስጠጉት።

ምሰሶው በቱንቢ ሲለካ ትንሽ ቢያዘነብል ግን እንቅልፍ አይንሳችሁ። ማውንቱ የራሱ ማስተካከያ አለው። ዋናው ነገር አለመንቀሳቀሱ ነው።

ከኮንክሪት ይልቅ የብረት ቱቦ ከመረጣችሁም ይሆናል። ወፍራም ይሁን፤ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሙሉት። አሸዋው ንዝረቱን ቶሎ ያበርዳል።

ግድግዳና ወለሉ ከምን ይሠራ?

ቀጭንና ቀላል ከሆነ ነገር። ብሎኬትና ድንጋይ ለመኖሪያ ቤት ጥሩ ነው፤ ለዚህ ቤት ግን አይመከርም። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቴሌስኮፑ ላይ ይለቅበታል። በሞራሌ ላይ የተመታ ጣውላ ወይም ቀጭን ላሜራ ከመሸ በኋላ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከውጭ ነጭ ቀለም ቀቡት፤ የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል። ውስጡን ደግሞ ጥቁር ወይም የማያብረቀርቅ ጠቆር ያለ ቀለም አድርጉት።

ወለሉም ቢሆን ከሊሾ ጣውላ ይሻላል። ሙቀት አይዝም፤ ለረጅም ሰዓት ለሚቆም እግር ይመቻል፤ የወደቀ ሌንስም የመትረፍ ዕድል ይኖረዋል። ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ፤ ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት ያግዳል።

ተንሸራታቹ ጣሪያ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ሐዲዶቹ ከቤቱ ውጭ ቢያንስ የቤቱን ያህል ርዝመት መውጣት አለባቸው፤ ጫፋቸውን የሚሸከሙ ቋሚዎችም ያስፈልጋሉ። የሚከፈተውም ብዙ ወደማታዩበት አቅጣጫ ይሁን።

ሁለቱ ሐዲዶች ፍጹም ትይዩ ናቸው ብላችሁ አትተማመኑ። እንጨት ያብጣል፣ ብረት ይለጠጣል። በአንዱ በኩል ጎድጎድ ያለ ጎማ በተገለበጠ አንግል ብረት ላይ ይሂድ፤ እሱ ጣሪያውን መስመር ያስይዘዋል። በሌላው በኩል ጎማው ዝርግ ይሁንና በጠፍጣፋ ብረት ላይ ይንከባለል። ስፋቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለያይ እንኳ ጣሪያው አይነክስም። በሁለቱም በኩል ጎድጓዳ ጎማ የተገጠመላቸው ጣሪያዎች መሐል ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዝናብ ይልቅ የምፈራው ንፋስ ነው። ከሥሩ የገባ ንፋስ ጣሪያውን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ክብደቱን አምናችሁ አትተዉት። አራቱም ማዕዘን ላይ ወደ ግድግዳው የሚያስር ጠንካራ መቆለፊያ አድርጉ። ሲከፈትም ሆነ ሲዘጋ ከሐዲዱ ዘሎ እንዳይወጣ ከሐዲዱ በታች የሚያቅፍ ብረት ይኑረው፤ ጫፍ ላይም መቆሚያ ይበየድ። ለዝናቡ የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ውጭ ወርዶ ይንጠልጠል፤ ክፍተቱን ጎማ ወይም ብሩሽ ይሸፍነው።

ሞተር የምትገጥሙ ከሆነ፣ ቴሌስኮፑ ተኝቶ ካልቆመ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማቋረጫ ስዊች የግድ ነው። ጣሪያ ከቴሌስኮፕ ጋር ሲጋጭ ተጎጂው የታወቀ ነው። በእጅ የሚገፋ ጣሪያ ግን ምንም አይጎድለውም። እኔ በእጅ የሚገፋውን እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋም ይዘጋል።

መብራትና ኤሌክትሪክስ?

ኬብሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከመሬት በታች ይምጣ። ቱቦውን ከወለሉ በፊት ቅበሩት፤ ለዳታ ገመድ ደግሞ ለብቻው ሌላ ቱቦ ጨምሩ። ጤዛ ባለበት በጨለማ የምትሠሩበት ቦታ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ፣ 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚሠራ ብሬከር ሳይኖር አትጀምሩ። መስመሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። አብዛኛው ማውንትና ካሜራ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ኃይል መቀየሪያውን ቤቱ ውስጥ አስቀምጡት እንጂ 12 ቮልቱን ከሩቅ በቀጭን ሽቦ አታምጡት፤ መንገድ ላይ ይዳከማል። መብረቅ ሲያሰጋ ደግሞ ሁሉንም ከሶኬት መንቀል ነው። ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ የለም።

የውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሁን። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ነጭ አምፖል ያን ሁሉ በቅጽበት ያጠፋዋል። የስልክ ስክሪንም ያው ነው።

ማውንቱን ወደ ዋልታው እንዴት ላነጣጥር?

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሰማዩ በሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ይሸሻል። ካልተከታተላችሁት ጁፒተር የራሱን ስፋት ያህል ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይበቃዋል። ማውንቱ የሚከታተለው አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሲሆን ነው። የዘንጉ ከፍታ ከኬክሮሳችሁ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በዲግሪ ከምትርቁት ልክ፣ ጋር እኩል ነው፤ በ40 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ ሰው ዘንጉን 40 ዲግሪ ያነሳዋል።

በሰሜኑ የምድር ክፍል የሰሜን ኮከብ ይመራችኋል። እሱም ቢሆን ከትክክለኛው ዋልታ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይርቃል፤ ለፎቶ ይህ ብዙ ነው። በደቡቡ ዋልታ አጠገብ ያለው ኮከብ፣ ሲግማ ኦክታንቲስ፣ በጣም ደብዛዛ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ ሰው ደግሞ ዋልታውን ጭራሽ ግድግዳው ሊጋርድበት ይችላል። ለሁሉም የሚሠራው የቆየው ዘዴ ነው። በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ሰማዩን በሚከፍለው መስመር) አጠገብ፣ ከሰሜን በአናት በኩል ወደ ደቡብ በሚያልፈው መስመር ላይ ያለ ኮከብ ትይዛላችሁ። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲንሸራተት ማውንቱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ታስተካክላላችሁ። ቀጥሎ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ያለ ኮከብ ይዛችሁ ከፍታውን ታስተካክላላችሁ። ትዕግሥት ይፈልጋል። የቋሚ ምሰሶ ደስታው ግን ይህን በደንብ አንድ ጊዜ ከሠራችሁት ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። ኮምፓስ ለመነሻ ብቻ ነው፤ የሚያሳየው የማግኔቱን ሰሜን ነው፣ በአጠገቡ ያለ ብረትም ያሳስተዋል።

እርጥበት፣ ሸረሪትና አይጥ ዕቃዬን እንዳያበላሹ ምን ላድርግ?

ቤቱ ይተንፍስ። በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ፣ አንዱ ዝቅ ሌላው ከፍ ብሎ፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ አድርጉ። ቴሌስኮፑን በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነውና ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። የጨርቅ ሽፋን ይሻላል። ሌንሶችን እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ሳጥን ዝጉባቸው። ማታ ጤዛ የሚያስቸግር ከሆነ በሌንሱ ዙሪያ የሚታሰር ትንሽ ማሞቂያ አለ፤ መስታወቱን ከአየሩ በጥቂቱ ብቻ ካሞቀው በቂ ነው። የቴሌስኮፑን ክዳን ክፍት ትታችሁ አትሂዱ። አይጥ ገመድ ትወዳለችና የገመዶቹን ቱቦዎች አፋቸው ላይ ድፈኑ።

ቀንስ ፀሐይን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ከሚገባበት በኩል፣ በደንብ ታስሮ ከሆነ ብቻ። ዓይን የሚያርፍበት ሌንስ ላይ የሚጠመዘዘውን ትንሽ ማጣሪያ አትጠቀሙ። በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ዓይንም በቅጽበት ይጠፋል። የመፈለጊያዋን ትንሽ ቴሌስኮፕ ክዳን አትርሱ፤ እሷም ታቃጥላለች። ጣሪያው ቀን ተከፍቶ ያለ ሽፋን የቀረ ቴሌስኮፕ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት በሩ ይቆለፍ።

ፈቃድ ያስፈልጋል? ጎረቤትስ?

ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት የሚመለከተውን አካል ጠይቁ። ለጎረቤት ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩ። ማታ ማታ ጣሪያው የሚንሸራተት ቤት ማንንም ያጠራጥራል። ሳተርንን አንድ ጊዜ አሳዩአቸው። ቀለበቱን ያየ ሰው የበረንዳ መብራቱን አጥፋልኝ ሲባል አያስቸግርም።

ለሙሉ ቤት አቅም የለኝም። ምን ይሻለኛል?

ምሰሶውን ብቻ ሥሩ። ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ጠብቃችሁ ኮንክሪቱን ሙሉ፤ ማውንቱን እዚያ እሰሩ፤ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ክደኑት። ቱቦውን ብቻ ይዛችሁ መውጣትና መግባት ይቀራል። ዋልታ ማነጣጠሩም ሆነ ከንዝረት ጋር መታገሉ ከጫንቃችሁ ይወርዳል። ግድግዳና ጣሪያው ሌላ ዓመት ይመጣል። ብቻ ምሰሶውን ስትተክሉ ዙሪያውን 1.5 ሜትር ባዶ ቦታ አስቀሩለት፤ የኤሌክትሪክ ቱቦውንም አብራችሁ ቅበሩ።

ከተሠራ በኋላ ጥገናው ምን ይመስላል?

ብዙ አይደለም። ሐዲዱን ከቅጠልና ከአሸዋ ማጽዳት፣ ኩሽኔታዎቹን ግራሶ መቀባት፣ በዓመት አንድ ጊዜ የምሰሶውን ዳዶዎችና የጣሪያውን መቆለፊያ መፈተሽ፣ የተላጠ ቀለም መቀባት። ከዝናብ ወቅት በፊት ውሃ በጎማ ቱቦ ጣሪያው ላይ እየረጫችሁ የሚያፈስበትን ፈልጉ።

መስታወቱን ግን በትንሽ አቧራ አትንኩት። አቧራ የሚቀንሰው ብርሃን እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በችኮላ የተጠረገ መስታወት ላይ የቀረ ጭረት ግን አይወጣም። በአየር ፓምፕ እፍ ማለት ለረጅም ጊዜ ይበቃል።